የመሪጌታ ውበቱ ትሕትና

መሪጌታ ውበቱ አስታ ማርያም የደረሰው በቅበላው እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። ከሮብ ገበያ ተነሥቶ የሁለት ሰዓት ዳገት በእግሩ ወጥቷል። አንድ ሻንጣ፣ አንድ ብርድ ልብስና በነጠላ የተጠቀለለ መቋሚያ ይዟል። የቀረው ጓዙ ፍርሃት ነበር፤ እሱን ግን ማንም ሊያግዘው አልቻለም።

መንደሩ በማግሥቱ ለሚጀምረው ጾም እየተሰናዳ የቀረውን ሥጋና ወተት ይጨርሳል። የደብሩ አስተዳዳሪ ቄስ ምስጋናው ቤታቸው አስገቡትና የበግ ቅልጥም አቀረቡለት። «እንኳን ደኅና መጡ፣ መሪጌታ! ደጀን ላይ ስለ ድምፅዎ ያልነገረን ሰው የለም። ነገ ደግሞ በጆሯችን እንሰማለን» አሉት። ውበቱ ቅልጥሙን እንደ ያዘ ፈገግ አለ። ሥጋው ግን አልወርድ አለው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ውበቱ ከዜማ በቀር ሌላ ሙያ የለውም። በዐሥራ ሁለት ዓመቱ ከቤቱ ጠፍቶ ዲማ ወረደ። ከዚያም ከአንዱ መምህር ወደ ሌላው እየዞረ፣ ቁራሽ እየለመነ፣ ውሻ እየነከሰው፣ ድጓውንም ጾመ ድጓውንም በቃሉ ያዘ። ደጀን አጠገብ ባለ አንድ ደብር ዐሥራ አራት ዓመት መርቷል። በዚያ ሁሉ ዓመት አንዲት ቃል ጠፍታው አታውቅም። ሰዎች ሲያመሰግኑት «የእግዚአብሔር ነው» ይል ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ግን የራሱ ነበር የሚመስለው።

ባለፈው ዓመት በደብሩ ንግሥ ቀን፣ ሕዝቡ ግቢውን ሞልቶ፣ ውበቱ ከካህናቱ መካከል ቆሞ ሲመራ፣ ድንገት ቃሉ ጠፋው። አልደከመውም፣ አላመመውም። አፉ ተከፍቷል፤ የሚቀጥለው ቃል የለም። መጀመሪያ ከበሮው ሸፈነለት። ከበሮ መቺው አንድ ዙር ጨመረ፣ ሌላም ጨመረ፣ ከዚያ እሱም ቀና ብሎ አየውና ቆመ። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሀል ከአስፋልቱ የመጣ የጭነት መኪና ጡሩምባ ብቻ ተሰማ። በግራ ከቆሙት ካህናት አንዱ ቃሉን አነሣለትና ዜማው ቀጠለ። ሁሉም ነገር ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም።

ሰው በሳምንቱ ረሳው። ቀንተው አስደግመውበት ነው ያሉም አልጠፉ፤ እነሱም ሌላ ወሬ ሲያገኙ ተዉት። ውበቱ ግን አልረሳም። እግዚአብሔር የሰጠውን መልሶ እንደ ወሰደበት ቆጠረው፤ ለምን እንደ ወሰደበት ደግሞ አልነገረውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሊመራ በቆመ ቁጥር ያ ጸጥታ ፊት ለፊቱ ይመጣና ላብ ያጠምቀዋል። አንድ ጊዜ ጉንፋን ነው፣ ሌላ ጊዜ ጉሮሮዬ ነው እያለ ስድስት ወር ገፋ። ሰበቡ ሲያልቅበት መሸኛ ጠይቆ ወጣ።

ሚስቱ ሕሊና ደጀን መንገድ ዳር ለሾፌሮች ምግብ የምትሸጥበትን ቤት እንደ ያዘች ቀረች። በውስጡ የሆነውን ሁሉ የምታውቅ እሷ ብቻ ነበረች። «ቅደምና ሂድ። እዚያ እንደ ድሮህ ስትመራ ከሰማሁ ቤቴን ዘግቼ እመጣለሁ» አለችው። ካልሰማሁስ አላለችም፤ እሱም አልጠየቃትም።

ሲያመጣው ደግሞ የገባበት ጊዜ ዐቢይ ጾም ነው። በዐቢይ ጾም ከአንድ ሁለት በዓል በቀር ከበሮና ጸናጽል አይነካም። ካህናቱ መቋሚያቸውን ብቻ ይዘው፣ ወዲያና ወዲህ እያዘነበሉ በባዶ ድምፅ ነው የሚያዜሙት። ለወትሮው ከበሮ ለተደናገረ መሪ ትልቅ ወዳጅ ነው፤ የጎደለውን ይሸፍናል፣ እስኪያስታውስ ጊዜ ይገዛለታል። በጾም ግን መሪው ራቁቱን ነው። አንድ ቃል ብትጠፋው ቦታዋ እንደ ወለቀ የፊት ጥርስ ይታያል።

ሰኞ ረፋዱ ላይ ካህናቱ ቅኔ ማኅሌት ውስጥ ቀኝና ግራ ተሰልፈው ቆሙ። ስምንት ናቸው። በቀኝ በኩል ያሉትን የሚመራው ቀኝ ጌታ ታረቀኝ ነው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ዓይኑ የማያርፍ ሰው። ከዓምዱ ሥር ደግሞ አንድ ሽማግሌ ገለል ብለው መቋሚያቸውን ተደግፈዋል። የኔታ አካለ ወልድ ይባላሉ። ሠላሳ አንድ ዓመት የአስታ ማርያም መሪጌታ የነበሩ ናቸው። ባለፈው ክረምት ልባቸውን ታመው ተኝተው ሲነሡ፣ ሰበካ ጉባኤው «አባታችን፣ ይረፉ፤ በቃዎ» ብሎ አሰናበታቸው። ውበቱ የመጣው በሳቸው ቦታ ነው።

«ይምሩ፣ መሪጌታ» አሉ ቄስ ምስጋናው።

ውበቱ መካከል ገባ። የመጀመሪያዋን ቃል ያውቃታል፤ በእንቅልፍ ልቡም ቢጠይቁት ያውቃታል። ግን ጆሮው ጭው አለ፣ ምላሱ ደረቀ፣ ከሩቅ የጭነት መኪና ጡሩምባ የሰማ መሰለው። እዚያ ተራራ ላይ መኪና የሚባል ነገር አይደርስም። የታረቀኝ ዓይን ከፊቱ አልተነሣም። ውበቱ በሆዱ «እመቤቴ፣ አውጪኝ» አለ፤ ወዲያው ማምለጫው ታየው።

በዚያ አገር አንድ ልማድ አለ። መሪጌታ የራሱን መቋሚያ ለሌላ ሰው ከዘረጋ «ዛሬ አንተ ምራ» ማለት ነው። ትልቅ ክብር ነውና የተዘረጋለት ሰው እምቢ አይልም፤ በታቦት ፊት መቋሚያ መመለስ ነውር ነው። ሰጪው ካጠገቡ ይቆማል። የሚመራው ሰው ቢደክም ወይም ቢደናቀፍ፣ ዜማው ሳይቆረጥ ማንሣት የሰጪው ዕዳ ነው።

ውበቱ ወደ ዓምዱ ሄደ። ዝቅ ብሎ እጅ ነሣና መቋሚያውን በሁለት እጁ ዘረጋ። «አባቴ፣ እርስዎ ባሉበት እኔ አልመራም» አለ።

 የኔታ አካለ ወልድ መቋሚያውን አዩት፣ ሰውየውን አዩት፣ ዓይናቸው እንባ ሞላ። ከዚያ ተቀበሉና መካከል ገቡ። ድምፃቸው ቀጥኗል፤ ዜማው ግን አንዲት ቦታ ላይ እንኳ አልተዛነፈም። ውበቱ ካጠገባቸው ቆሞ እየተቀበለ፣ ከሌሎቹ ጋር እየተነሣና እየወደቀ፣ ነፃ እንደ ወጣ ሰው ዘመረ። ከሌሎች ጋር ሲሆን አንድም ቃል አይጠፋውም። «ተመስገን» አለ በሆዱ። ፈሪ ሰው ያመለጠ ቀን እንዴት ከልቡ እንደሚያመሰግን!

ሲወጡ ሰው ሁሉ ከበበው። ቄስ ምስጋናው ትከሻውን ይዘው «ዛሬ ትምህርት ሰጡን» አሉት። ታረቀኝ እንኳ፣ ያ ዓይኑ የማያርፈው ሰው፣ ቀርቦ እጁን ሳመው። ከሴቶቹ በኩል የየኔታ ልጅ ሥራነሽ እያለቀሰች መጣች። አርባ ዓመት የሆናት፣ ባሏ የሞተባትና አባቷን የምትጦር ሴት ናት። «አባቴ ከክረምት ጀምሮ ግድግዳ ሲያዩ ነው የከረሙ። ዛሬ ከሞት አነሡልኝ። ማርያም ትክፈልዎ» አለችው። ውበቱ መሬት መሬት አየ። ሰው ይህንንም ትሕትና አለው።

በማግሥቱ እመራለሁ ብሎ ነበር። እውነት ብሎ ነበር። ግን ማግሥቱም እንደ ዋዜማው ሆነ፤ ያ ጸጥታ መጣ፣ መቋሚያው ተዘረጋ፣ የኔታ ተቀበሉ። በሦስተኛው ቀንም፣ በአራተኛውም። አንድ ሳምንት ሲሞላ ለመንደሩ ይኸ ሥርዓት ሆነ። ሁሉም «መሪጌታችን ለሽማግሌ ክብር ያለው» እያለ ያወራል። ከሮብ ገበያ እንኳ ሊያዩት የመጡ ነበሩ።

ሕሊና በየሳምንቱ ቅዳሜ ትደውላለች። ኔትወርክ የሚገኘው ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ካለው ኮረብታ ላይ ስለሆነ፣ ሰዓቷን ጠብቆ ይወጣል።

«መራህ?»

«የሽማግሌውን ክብር እየጠበቅሁ ነው እንጂ...»

«እሱን መች ጠየቅሁህ! መራህ ወይ ነው ያልሁህ።»

«አልመራሁም።»

ከዚያ የሾፌሮች ጫጫታ፣ የሳህን ድምፅ። «ውበቱ፣ ባንተ ሳይሆን በእኔ ነው ቀኑ የሚረዝመው» ትለውና ትዘጋለች።

ለብቻው ሲሆን ግን ድንቅ ነበር፤ ይህ ነው የሚያናድደው። ከሰዓት በኋላ ከቅጥሩ ውጭ ጽዶቹ ሥር ይቀመጥና የነገውን ከዳር እስከ ዳር ይወጣዋል። ቃሉም ዜማውም ቦታው ላይ ነው። አንዳንዴ በጎቻቸውን የሚነዱ ሴቶች ቆመው ያዳምጡታል። ዘወር ብሎ ካያቸው ቃሉ ይጠፋዋል። «ጌታ ሆይ፣ ለበግ እየሰጠኸኝ ለሰው ለምን ትነሳኛለህ?» እያለ ይሟገታል። ድሮ ሲጸልይ ለሌላው ነበር የሚለምነው፤ ለታመመ፣ ለመንገደኛ፣ ዝናብ ለጠፋበት። አሁን ጸሎቱ አንድ ሆነ፤ ዛሬን ብቻ አውጣኝ። ዛሬ ደግሞ በየቀኑ ይመጣል።

የኔታ አካለ ወልድ ያሉበት ሁኔታ ሌላ ነው። ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው። በጾም ካህናቱ ምንም ሳይቀምሱ ቆመው ያዜማሉ፤ ቅዳሴ ተቀድሶ የሚወጡት ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው። ዓምዱን ተደግፎ መስማት አንድ ነገር ነው፤ መካከል ቆሞ ዕለት ዕለት መምራት ግን ለጎረምሳም ይከብዳል። እሳቸው ግን በጠዋት ተነሥተው፣ ነጠላቸውን አሳጥበው፣ እንደ ሙሽራ ይመጣሉ። ሥራነሽ «እያመማቸው እንኳ ዛሬ ይቅሩ ስላቸው፣ ‘መሪጌታ መቋሚያውን ሲዘረጋ ማን ይቀበለዋል?’ ይሉኛል» እያለች ትስቃለች። ይህን የተናገረችው የተቀቀለ ድንችና ተልባ ይዛለት በመጣች ጊዜ ነው። ውበቱ ድንቹን ላጠና ሳይበላው አስቀመጠው።

አራተኛው ሳምንት ላይ የኔታ ትንፋሽ ማጠር ጀመሩ። በዜማው መሀል ዓምዱን ይዘው ያርፋሉ፤ ከንፈራቸው ይጠቁራል፤ ከዚያ ደግሞ ይቀጥላሉ። ሌሎቹ ተመስጦ ነው ይላሉ። ውበቱ ግን ካጠገባቸው ነው የሚቆመው፤ የእጃቸውን መንቀጥቀጥ፣ የደረታቸውን ድለቃ ያያል። አላየሁም ማለት አይችልም። አየ፤ ነገ እመራለሁ አለ፤ ነገ ሲመጣ እንደገና ዘረጋላቸው። ከዚያ በላይ ክፋት ካለ እንጃ።

በገብር ኄር እሑድ ያ ወንጌል ተነበበ። ጌታው ለሦስት አገልጋዮች መክሊት ይሰጣል፤ ሁለቱ ነግደው ያተርፋሉ፤ ሦስተኛው ግን ጉድጓድ ቆፍሮ ይቀብራል። ውበቱ ይህን ወንጌል ስንት ጊዜ እንደ ሰማው አይቆጠርም። ሰውየው ሰነፍ ነበር ሲባል እየሰማ ነው ያደገው። በዚያ ቀን ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ሰውየው ራሱ የሰጠው ምክንያት ጆሮው ገባ፤ መክሊቱን የቀበረው ፈርቶ ነው። 

ቄስ ምስጋናው ሊያስተምሩ ወጡ። ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «ገብር ኄር ማን ነው?» ብለው ጠየቁና፣ ጣታቸውን ወደ ውበቱ ዘረጉ። «በመካከላችን አለላችሁ! ድምፅ ሞልቶት፣ ዕውቀት ሞልቶት፣ ራሱን ዝቅ አድርጎ ሽማግሌ የሚያስቀድም!» ሴቶቹ እልል አሉ። የኔታ አካለ ወልድ ከዓምዱ ሥር ሆነው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ፊታቸው በርቶ ነበር። ውበቱ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ያን ዕለት እህል አልቀመሰም። በማግሥቱ የኔታን ቤታቸው ሄዶ እውነቱን ሊነግራቸው ቆረጠ፤ እስከ አጥራቸው ደርሶ ተመለሰ።

ሐሙስ ዕለት የኔታ አርፍደው መጡ። ደረጃውን ሲወጡ ሁለት ጊዜ ቆሙ። ውበቱ አያቸውና «ዛሬ እኔ ነኝ፤ ቢጠፋኝም ይጥፋኝ» አለ። መካከል ገባ። መቋሚያውን መሬት ላይ ተከለ። አፉን ከፈተ። ግራና ቀኝ ስምንቱም ትንፋሻቸውን ይዘው ይጠብቃሉ፤ ከሴቶቹ በኩል አንዲት ሕፃን ስታለቅስ ዝም አሰኟት። እና ያ ጸጥታ መጣ። ከወትሮው ይልቅ ከበደ።  እጁ እሱን ሳያማክር ተዘረጋ።

የኔታ በዚያ ቀን ፈገግ አላሉም። መቋሚያውን ትንሽ አዩት። ዞር ብለው ወደ ቤተ መቅደሱ መጋረጃ አማተቡ። ከዚያ ተቀበሉት።

ከእኩሌታው በላይ አደረሱት። ከዚያ በአንድ ረጅም ዜማ መሀል ድምፃቸው ቀጠነ፣ ቀጠነ፣ ቆመ። ውበቱ ዘወር ሲል መቋሚያው ድንጋዩ ላይ ሲወድቅ ሰማ፤ የኔታ በጎናቸው ወድቀዋል። ሥራነሽ «አባቴን!» ብላ ጮኸች። ሁለት ሰዎች ሮጠው ቀና አደረጓቸው። ዓይናቸው ተከፍቷል፤ ደረታቸው ይነሣል ይወድቃል። እጃቸውን ግን አነሡና በጣታቸው አየሩን ወደ ፊት ገፋ ገፋ አደረጉ። ቀጥሉ ማለታቸው ነው።

«መሪጌታ! ያንሡ እንጂ!» አለ ታረቀኝ በጥርሱ መሀል። «ዜማው ተቆረጠ!»

የሰጪው ዕዳ ነው። ማንም ሌላ ሰው ሊያነሣው አይችልም። ውበቱ የወደቀውን መቋሚያ አነሣ።  «ቢጠፋኝ እኒህ ሰው በከንቱ ወደቁ ማለት ነው» የምትል ሐሳብ መጣችበት፤ ከዚህች ሐሳብ ይልቅ ያ የድሮው ፍርሃት ለመጀመሪያ ጊዜ አነሰበት። ጀመረ።

ጀግንነት የለበትም። ቃሎቹ አንድ በአንድ፣ እየተጎተቱ መጡ። ድምፁ ተንቀጠቀጠ። አንድ ቦታ ላይ በእርግጥም ጠፋው፤ ያ የፈራው ጸጥታ እውነቱን መጣና ቆመ። ውበቱ ወደ ኋላ ተመለሰና ያለፈውን ሐረግ ደገመው። ነውር ነው፤ ተማሪ እንጂ መሪጌታ አያደርገውም። ሁለተኛ ሲለው ግን የቀጠለው ቃል ተከትሎ ወጣ፤ ታረቀኝና የቀኞቹ ካህናት ተቀበሉት። የኔታን በቃሬዛ ይዘው ሲወጡ አላየም። እስኪጨርስ ድረስ ዓይኑን አልገለጠም።

ሮብ ገበያ ጤና ጣቢያ ወሰዷቸው። አልሞቱም። ልባቸው በጣም ደክሟል፤ ከእንግዲህ መቆም የለ፣ መዘመር የለ፣ ጾምም የለ ተባሉና በሦስተኛው ቀን ወደ ቤታቸው መለሷቸው።

ውበቱ ከዓርብ ጀምሮ ራሱ መራ። የሚዘረጋለት ሰው አልነበረምና። በየቀኑ እየፈራ ይገባል፣ በላብ ርሶ ይወጣል። አንዳንድ ቀን አንድ ቃል ይጠፋዋል፤ ይደግመዋል፤ ይመጣል። ቅዳሜ ኮረብታው ላይ ወጥቶ ሕሊናን «መራሁ» አላት። ደስታዋ ከዚያ ማዶ ጮኾ ተሰማው። «ለፋሲካ ቤቴን ዘግቼ እመጣለሁ! ምነው ግን ድምፅህ?» አለችው። ኔትወርክ ነው አላት።

መንደሩ ግን ፊቱን አዞረበት። «አባታችን መሬት ወድቀው፣ ልጃቸው እየጮኸች፣ እሱ ቆሞ ይዘምራል!» ይባል ጀመር። «ያ ሁሉ ዝቅ ማለት ለካ አባታችን እስኪደክሙ ነው። ቦታው ባዶ ሲሆን እንዴት እንደ ዘለለበት አያችሁ?» ዜማው መቆረጥ እንደሌለበት የሚያውቁት ካህናቱ ናቸው፤ እነሱም አፍ አውጥተው አልተናገሩለትም። ቄስ ምስጋናው በስብከታቸው ስሙን አላነሡም። ሲፈራ ትሑት ያሉት ሰዎች፣ እየተንቀጠቀጠ መምራት ሲጀምር ትዕቢተኛ አሉት። ውበቱ ይህን ሰምቶ አልተከፋም። የከፋው ሌላ ነገር ነበር። ቃሉ የጠፋበት ጊዜ እግዚአብሔር ተቆጥቶኛል ብሎ ፈርቶ ነበር፤ ይህ አሁን የሠራው ግን እውነት የሚያስቆጣ ነው፤ ቃሉ ደግሞ ተመለሰለት። በዚህ ምሕረት ፊት እንዴት እንደሚቆም አላወቀም።

በሆሳዕና ዋዜማ፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ የየኔታን ደጅ አንኳኳ። ሥራነሽ ከፈተችለት። ይግቡ አላለችውም፤ ከበሩ ዞር ብቻ አለች።

የኔታ መደቡ ላይ ሁለት ጋቢ ለብሰው በጎናቸው ተጋድመዋል። ከስተዋል። ሲያዩት ግን ፊታቸው በራ። «መጣህ ልጄ? ስትመራ ሰማሁህ። ነፋሱ ወደዚህ ሲሆን ይሰማል። ሁለት ቦታ ደግመሃል» አሉት።

«ሦስት ቦታ ነው፣ አባቴ።»

ሳቁ፤ ሳቁ ሳል ሆነ። ውበቱ ሳሉ እስኪያልፍ ጠበቀና መሬቱ ላይ ተንበረከከ። እንዳይመለስ ፈርቶ በአንድ ትንፋሽ ነው የተናገረው።

«አባቴ፣ መቋሚያውን የሰጠሁዎት አክብሬዎት አይደለም። ፈርቼ ነው። ደጀን ላይ ቃል ጠፍቶኝ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ መምራት አልችልም። ሲደክሙ አይቻለሁ። እያየሁ ነው የሰጠሁዎት።»

የኔታ ጋቢያቸውን ወደ ደረታቸው ሳቡ።  ውጭ አንዲት በግ ትጮኻለች።

«የመጀመሪያው ቀንም?» አሉ በመጨረሻ።

«የመጀመሪያው ቀንም።»

«አንድም ቀን?»

«አንድም ቀን፣ አባቴ።»

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። «ለልጄ እናት መቃብሯ ድረስ ሄጄ ነግሬያት ነበር» አሉ፤ ለሱ ሳይሆን ለግድግዳው። «አውጥተው ጥለውኝ ነበር፤ አንድ ሰው መጥቶ አከበረኝ ብያት ነበር።»

ውበቱ ግንባሩን መሬት ላይ ደፋ። አለቀሰ።

«ተነሥ» አሉት። «ይቅር ብያለሁ። ከዚህ ወደ ቄስ ምስጋናው ቤት ልትሄድ ነው አይደል?»

«አዎን። ነገ በሕዝብ ፊት ልናገር...»

«አትናገርም!» የኔታ በክርናቸው ቀና ሊሉ ሞከሩ። «ለንስሐ አባትህ ንገር፣ ሌላ ለማንም አትንገር። አንተ ፈርተህ ነበር፤ እሺ። እኔ ግን ደስ ብሎኝ ነበር። ያችን ደስታ ልትወስድብኝ ነው የመጣኸው? ሠላሳ አንድ ዓመት መርቼ በአንድ ስብሰባ ይረፉ የተባልሁ ሰው ነኝ። መንደሩ ‘መሪጌታ ያከበራቸው ሽማግሌ’ እንዳለኝ ልሙት። ልጄም እንዲሁ ታልቅሰኝ።»

«እኔን ትዕቢተኛ ነው የሚሉኝ፣ አባቴ።»

«ይበሉህ። አትችለውም?»

 «እችለዋለሁ» አለ ውበቱ። የኔታ እጃቸውን ከጋቢው አወጡና አማተቡበት፤ እጃቸው ቀዝቅዞ ነበር።

ሲወጣ ሥራነሽ ደጃፉ ላይ ክንዷን አጣጥፋ ቆማለች። የውስጡን ወሬ እንዳልሰማች ከፊቷ ታወቀው።

«ምን ብለው መጡ?» አለችው።

«ይቅርታ ልጠይቃቸው ነው።»

«እና?»

«ይቅር ብለውኛል።»

«እሳቸውማ ይላሉ» አለች ሥራነሽ። «እኔ ግን አልልም፣ መሪጌታ። እስክሞት ድረስ አልልም።»

ውበቱ ቀና ብሎ አያት። ምላሱ ላይ የመጣችውን «ፈርቼ ነበር» የምትል ቃል ዋጣት። «አትበይ» አላትና ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚወስደውን ዳገት ያዘ። በማግሥቱ ሆሳዕና ነው፤ የሚመራው እሱ ነው። እየወጣ የነገዋን የመጀመሪያ ቃል ይደጋግም ጀመር።